ቁጭ ማለትን እንደገና ስማር

ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በትምህርት ቤታችን የመምህራን ስብሰባ ላይ የማልቀመጠው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ እቆማለሁ። ርዕሰ መምህራችን መጀመሪያ ሰሞን ተቃውሞ ያለኝ መስሏቸው በየመሀሉ ንግግራቸውን እያቋረጡ "መምህር፣ ሐሳብ ካለህ ዕድል ልስጥህ" ይሉኝ ነበር። ሐሳብ አልነበረኝም። የነበረኝ ከእምብርቴ በታች ጀምሮ እስከ መቀመጫዬ ድረስ የሚያቃጥል ሕመም ነው፤ እሱ ደግሞ በቃለ ጉባኤ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቤት ሠርቼ፣ አግብቼ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ እኖራለሁ። ረጅም ጊዜ ስላስተማርኩ ባጃጅ ብሳፈር ሾፌሩ፣ ባንክ ብገባ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ፣ የጅማው መርካቶ ብወርድ ባለሱቁ "ቲቸር" ብለው ነው የሚጠሩኝ። በየዓመቱ የነርቭ ሥርዓትን ምዕራፍ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የጋለ ብረት የነካ እጅ እሥላለሁ። ከጣቱ ተነሥቶ ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል የሚሄደውን መስመር በቀይ ጠመኔ አሰምራለሁ። ሥዕሌ ቆንጆ ነው፤ ተማሪዎቹ በስልካቸው ያነሡታል። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ስሥለው የኖርኩት ነገር ለራሴ እንዳልገባኝ ለመናገር ነው።

ሕመሙ የጀመረው አንድ ክረምት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከያዘኝ በኋላ ነው። አተኮሰኝ፣ ሽንቴ አቃጠለኝ፣ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ ዋጥኩ፣ ትኩሳቱ ጠፋ። ሽንቴ ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። ማቃጠሉ ግን አልሄደም፤ እንዲያውም ቦታ እያሰፋ መጣ። ስቀመጥ ከሥሬ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠጠር ያለ ይመስለኛል። ጥቂት ከቆየሁ ጠጠሩ ፍም ይሆናል። ስቆም ይቀለኛል፤ ስተኛም ይቀለኛል። የሰው ልጅ ኑሮው ሁሉ መቀመጥ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ታክሲ መቀመጥ ነው፣ ምሳ መቀመጥ ነው፣ ፈተና ማረም መቀመጥ ነው፣ ጓደኛ መጠየቅ መቀመጥ ነው። ሳልጨነቅ የምሄድበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆነ፤ እዚያ ሁሉም ይቆማል። ባለቤቴ ወደ እግዚአብሔር መቅረቤን አይታ ደስ ብሏት ነበር፤ እኔም ደስታዋን ላለማበላሸት ምክንያቱን አልነገርኳትም።

ከተማው ውስጥ ያልገባሁበት ክሊኒክ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ገና ኢንፌክሽን ቀርቶብሃል ብሎ አንቲባዮቲክ ይጽፍልኛል፤ ሌላው ፕሮስቴት ይሆናል ብሎ ጠንከር ያለውን ይጽፍልኛል። አልትራሳውንድ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ሽንት በየብልቃጡ ሰጠሁ። ውጤቱ ሁሌም ደህና ነበር። "ምንም የለብህም" ይሉኛል፣ እኔም አመስግኜ እወጣለሁ፣ ደጅ ስደርስ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ምንም የሌለበት ሰው ምኑን ይታከማል?

ሰው ፊት ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ያስቅ ነበር። አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሞተው ድንኳን ተጥሎ ሦስቱንም ቀን ስቆም ዋልኩ። መቀመጥ ስለማልችል ውኃ አድላለሁ፣ ወንበር አቀብላለሁ፣ የሚመጣውን ሰው በር ድረስ ሄጄ እቀበላለሁ። በሦስተኛው ቀን የሟቹ ልጅ ባለቤቴን ጥግ ይዛ "ባለቤትሽ አባታችንን እንዲህ ይወዳቸው ኖሯል?" ብላ አለቀሰች። ከሰውየው ጋር የተነጋገርነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ውኃ ቧንቧ ነበር።

ምስጢሬን የሚያውቀው የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ ብቻ ነው። የአጋሮ ልጅ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ ጠጥተናል። ስነግረው አልሳቀም። ትንሽ አሰበና "ስፖንጅ ፍራሽ አለህ?" አለኝ። በማግስቱ ከአሮጌ ፍራሽ ክብ ትራስ ቆረጥን። መሀሉን መብሳት ነበረብን፤ እሱ ግን ያለ ስሌት አይበሳም አለ። ክብደቴን ጠየቀኝ፣ ወረቀት ላይ ክብ ሣለ፣ የቀዳዳውን ስፋት አሰላ።

"ወላሂ፣ በዚህ ስሌት መንሳፈፍ አለብህ" አለ።

አልተንሳፈፍኩም። ቀዳዳው ሰፍቶ ትራሱ ከሥሬ ሁለት ቦታ ተከፈለ።

አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰርቦ ከተማን እስክናልፍ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ከዚያ በአንድ ጎኔ ተቀመጥኩ፣ ቀጥሎ በሌላው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ልጄ፣ ወንበሩ ላይ ነገር አለ እንዴ?" አሉኝ። አሰንዳቦ ስንደርስ አልቻልኩም፤ "ወራጅ" አልኩ።

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። "አዲስ አበባ አልነበር እንዴ የምትሄደው?"

"ሐሳቤን ለወጥኩ" አልኩት።

አሰንዳቦ ዳር ላይ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና ሁሉ ወንበር ነው ያለው። በመጨረሻ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ለመንኩ። ሾፌሩ ጋቢና ግባ ሲለኝ አይ፣ ከላይ ይሻለኛል አልኩት። በከረጢቱ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ አገጬን በክንዴ ደግፌ፣ የመጣሁበትን መንገድ ወደ ኋላ እያየሁ ጅማ ገባሁ። መግቢያው ላይ ሦስት ተማሪዎቼ አይተውኝ እጃቸውን አውለበለቡ፤ እኔም አውለበለብኩ። በሌላ ጊዜ በአንድ ዘመዴ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ አዲስ አበባ ደርሻለሁ። እዚያም ምንም የለብህም ተባልኩ።

ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ቡና በሚለቀምበት ወር፣ ጓደኛዬ "ና፣ አባቴን ጠይቀን እንምጣ" ብሎ አጋሮ ወሰደኝ። ታክሲው ውስጥ እንደ ልማዴ ተሠቃየሁ። አባቱ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው የቡና ማሳቸው ጥላ ሥር፣ የተጋደመ ግንድ ላይ ተቀምጠው የገበጣ እንጨታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ሰማንያን ያለፉ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው።

"ታኢ፣ በርሲሳ" አሉኝ ግንዱን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ። "ቁጭ በል አስተማሪ። ይኼ ልጄ ሒሳብ ያስተምራል እንጂ ጠጠር መቁጠር አያውቅም። አንተን እንይህ።"

አባት ናቸው፤ አልቀመጥም አይባልም። ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በሉኝ። ሁለተኛውንም በሉኝ። ሦስተኛው ላይ ጠጠር ሲሰርቁ ያዝኳቸው።

"አባባ፣ እዚህ ጉድጓድ አራት ነበር።"

"አላህ ይመስክር፣ ሦስት ነው" አሉ፤ አራተኛው በመዳፋቸው ውስጥ ይታየኛል። ጓደኛዬ ከሳቁ ብዛት የቡናው ግንድ ላይ ተደገፈ። አራተኛውን እኔ በላኋቸው። ፀሐይዋ ከጥላው ወጥታ ፊታችን ላይ እስክታርፍ ድረስ ተጫወትን። ተነሥቼ ሱሪዬን ሳራግፍ ጓደኛዬ ሰዓቱን አይቶ "ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለሃል እኮ" አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ታክሲ ተራ ሳንደርስ ሕመሙ ተመለሰ። ነገሩ ግራ ገባኝ፤ ለማንም ግን አላወራሁትም። ሰው ቢሰማ አንዱን ቀን እያመመው አንዱን ቀን የሚተወው፣ አስመሳይ ነው ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ያየኝ ወጣት ሐኪም የምርመራ ወረቀቶቼን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ አነበባቸው። ያን ያህል ጊዜ ወስዶ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም። "ሊታይ የሚገባው ሁሉ ታይቷል፤ የሚያሰጋ በሽታ የለም። አሁን መድኃኒት አልጽፍልዎትም" አለኝና ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚል ወረቀት ሰጠኝ። እኔ ፊዚዮቴራፒ የተሰበረ እግር የሚታሽበት ነው የሚመስለኝ።

በሩን ከፍቼ ስገባ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሴት ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ በራ። "ቲቸር" ብላ ብድግ አለች።

አወቅኳት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ የነበረች፣ ደወል ከተደወለ በኋላ እጇን አውጥታ ክፍሉን ሁሉ የምታስቆም ልጅ ናት። አሁን የሠላሳ ዓመት ሴት ሆናለች። ከዚህች ልጅ ፊት ቆሜ የሚያመኝን ቦታ ከምናገር አይሱዙው ላይ ተመልሼ ብተኛ መረጥኩ።

"ምን ሆነው ነው ቲቸር?"

"ጀርባዬን ነው" አልኳት።

ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት አየችው። እዚያ ላይ ጀርባ የሚል የለም። ምንም ሳትል ግን ጀርባዬን ሩብ ሰዓት ያህል መረመረች። ያጎንብሱ አለችኝ፣ ቀና ይበሉ አለችኝ፣ ይዙሩ አለችኝ። ሲበቃት ወንበሯ ላይ ተመለሰችና "ጀርባዎ ከእኔ ጀርባ ይሻላል" አለች። "አሁን የመጡበትን እንነጋገር። እኔ እዚህ ስለ ሽንት፣ ስለ መቀመጫ፣ ስለ አልጋ ስናገር ነው የምውለው። ወንድም ይመጣል፣ ሴትም ትመጣለች። ሁሉም መጀመሪያ ጀርባዬን ነው የሚለው።"

ጆሮዬ እየጋለ፣ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የአፅም ሥዕል ሳላነሣ ሁሉንም ነገርኳት። እየጻፈች ሰማችኝ። ስጨርስ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

"የሚያምዎትን ነገሩኝ። የማያምዎት መቼ ነው?"

የአጋሮውን ገበጣ ነገርኳት፤ እንደ ጥፋት እየተናዘዝኩ።

"ግንድ ላይ?" አለች።

"ግንድ ላይ።"

"ግንዱ ከቤትዎ ሶፋ ይለሰልስ ነበር?"

"ኧረ፣ ጉጥ ነበረው።"

"እንግዲህ ሥጋው ቆስሎ ቢሆን ኖሮ ጉጡ ላይ ሁለት ሰዓት ሲቀመጡ ምን ይሆኑ ነበር?"

ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት የፈራሁት ነገር የመጣ መሰለኝ። "በቃ፣ በሐሳብህ የፈጠርከው ነው ልትዪኝ ነው?" አልኳት።

"አላልኩም" አለች ረጋ ብላ። "ሕመምዎ እውነት ነው። እጅዎን ይጨብጡልኝ እስቲ። ጠንከር አድርገው። አይልቀቁት።"

ጨበጥኩ። እሷ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፣ ስለ ድሮ ክፍል ጓደኞቿ አወራችኝ፤ አንዱ አጋሮ ፋርማሲ እንደከፈተ፣ አንዷ አራስ እንደሆነች። ክንዴ እስከ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"አመመዎት?"

"አመመኝ እንጂ።"

"እጅዎ በሽታ አለበት? አንቲባዮቲክ ልጻፍለት?"

ሳቅ አመለጠኝ። እጄን ስፈታው ጣቶቼ አልዘረጋ ብለው ቆዩ። ዳሌን ከሥር እንደ ወለል የሚይዙ ጡንቻዎች እንዳሉ፣ ኢንፌክሽኑ ሲይዘኝ ሳላውቀው እንደጨበጥኳቸው፣ ከዚያ ወዲህ እንዳልለቀቅኳቸው ነገረችኝ። ከዚያ ወረቀትና እስኪርቢቶ አቀበለችኝ።

"ያቺን እጅ ይሳሉልኝ።"

የጋለ ብረት የነካውን እጅ ሣልኩላት። ነርቩን፣ ኅብለ ሰረሰሩን፣ አንጎሉን። እሷ ከእጁ ሥር ያለውን የጋለ ብረት በእስኪርቢቶ ሰረዘችው።

"ብረቱ ተነሥቷል። ኢንፌክሽኑ ድኗል። አንጎልዎ ግን እዚያ ቦታ አደጋ አለ ብሎ ዘብ መቆም ለምዷል። በተመረመሩ ቁጥር፣ መድኃኒት በቀየሩ ቁጥር፣ ልቀመጥ ነው ብለው በፈሩ ቁጥር አደጋው አሁንም አለ ማለት ነው ብሎ ጥበቃውን ያጠናክራል። አሁን የወንበር መንካት እንኳ እንደ ቃጠሎ ይቆጠርበታል። ገበጣ ሲጫወቱ ረሱት፣ ሳቁ፣ ጡንቻውም ላላ፤ ጥበቃው ለሁለት ሰዓት ተነሣ። 'ጣት መልእክት ይልካል እንጂ አያምም፤ ሕመሙን የሚሠራው አንጎል ነው' ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ፈተና ላይም አምጥተውታል።"

"መለስሽው?"

"ስቼዋለሁ" አለች። "ለዚህ ይሆናል የማልረሳው።"

ሥራው እንግዲህ ተጀመረ። በቀን ሁለቴ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ መተንፈስ። ወደ ውስጥ ስስብ ሆዴ እንዲነፋ፣ ከሥር ያለው ጡንቻ ሽንት እንደሚለቅ ሰው እንዲላላ መተው። ቀላል ይመስላል። ለአንድ ሳምንት የላላ ነገር አላገኘሁም፤ ጭራሽ ለማላላት ጥርሴን እነክስ ነበር። ከዚያ ደግሞ መቀመጥ። ቤት በረንዳ ላይ ባለው በርጩማ ሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ቢያመኝም ባያመኝም ሦስት ደቂቃ። በሳምንቱ አራት። "እስኪያምዎ ድረስ አይቀመጡ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይነሡ። አንጎልዎ መቀመጥ በሰላም የሚያልቅ ነገር መሆኑን ይልመድ" አለችኝ። በየጊዜው አመመኝ ወይ እያልኩ ራሴን መመርመሩንም ከለከለችኝ። እሱ ከሁሉም ከበደኝ።

ባለቤቴ እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ስልኬን ይዤ ሦስት ደቂቃ ስቆጥር አገኘችኝ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ቁጭ እያልኩ ነው።"

በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ እንደሚያመኝ ታውቅ ነበር እንጂ ምን ያህል እንደሆነ፣ የት የት እንደሆነ አታውቅም። መኝታ ላይ ለምን ፊቴን አዙሬ እንደምተኛም ነገርኳት፤ የሚያቃጥለኝ ያኔም ጭምር እንደነበር፣ ለመናገር አፍሬ እንደቆየሁ። የፊዚዮቴራፒስቷን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ እንደ ተማሪ እያስረዳሁ አሳየኋት።

ወረቀቱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። "ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር" አለች። "ምን እንዳደረግኩህ ሳስብ ነው የኖርኩት።"

ሌላ በርጩማ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት ያዥ እሷ ሆነች። እኔ ያላየሁትንም ያየችው እሷ ናት፤ የተማሪ ፈተና ሳርም ትንፋሼን እንደምይዝ። "ተንፍስ፣ ልጁ የተሳሳተው ባዮሎጂ ነው፣ አንተ አይደለህም" ትለኛለች።

መሻሉ ግን ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነኝ ሃያ አምስት ደቂቃ ደርሼ ነበር። ከዚያ የመንፈቅ ዓመት ፈተና መጣ። አምስት ክፍል ተማሪ፣ ክምር ወረቀት፣ ማርክ ማስገቢያው ቀን የደረሰ። በሦስተኛው ቀን ፍሙ እንዳለ ተመለሰ። እንደ ድሮው ፋርማሲ ሄጄ ያንኑ አንቲባዮቲክ ጠየቅኩ። ፋርማሲስቱ ከመደርደሪያው እያወረደ ሳለ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት።

"ሕመሙ ተመልሷል። ኢንፌክሽኑ የተነሣ ይመስለኛል።"

"ትኩሳት አለዎት? ሽንትዎ ተለውጧል?"

"የለም።"

"በዚህ ሳምንት ሥራዎ ምን ነበር?"

"ፈተና ማረም።"

እየሳቀች መሆኑን ሰማሁ። "ቲቸር፣ እኛ ተማሪዎቹ የምናስጨንቅዎ እንዲህ ነበር ለካ። ትኩሳት ወይም ደም ካዩ ዛሬውኑ ይምጡ። ከሌለ ግን ወደ ቤት ይሂዱ፣ ይራመዱ፣ ይተንፍሱ። ከሦስት ቀን በኋላ ይደውሉልኝ።"

ፋርማሲስቱን ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ከመርካቶ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ዝናብ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ነበር፣ የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ሴት ደጅ ቆሜ አንድ በላሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ስደውልላት የምነግራት ብዙ አልነበረም። ትምህርቱ በደንብ የገባኝ ያን ሳምንት ነው። ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስ ግን አዲስ ቁስል ይዞ አይመጣም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ፍርሃቴ ቀነሰ፤ ፍርሃቴ ሲቀንስ ሕመሙም የሚበላው አጣ።

በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ገብቼ መሀል ረድፍ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አይተውኝ "ዛሬስ ተስማምተናል ማለት ነው" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ተነሥቼ፣ ለመቃወም ሳይሆን ለመናገር፣ ለምን እቆም እንደነበር ለሁሉም ነገርኳቸው። ቃሉን ሳላድበሰብስ ነው የነገርኳቸው። የባዮሎጂ አስተማሪ ይህን ካልተናገረ ማን ይናገራል ብዬ ነው። የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ ከኋላ "የትራሱን ስሌት ንገራቸው" አለ። እሱን አልነገርኳቸውም።

ከስብሰባው በኋላ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። ትልቅ ሴት ናት፤ መጽሐፍ ዘግይቶ የመለሰን ሰው በዓይኗ ብቻ የምታሸብር። ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "መምህር፣ ያ ያልከው ነገር ሴትም ይይዛታል?" አለችኝ።

"ይይዛታል እህቴ።"

"የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ነው። አሁን ልጁ ሚዜ ሆኗል።"

በማግስቱ እንደምሄድ ነግሬአት አብረን ሄድን። ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ "ምን ልበላት?" አለችኝ።

"እውነቱን ንገሪያት። ጀርባዬን ነው ብትያት ሩብ ሰዓት ጀርባሽን ታይልሻለች።"

አንድ ሰዓት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፏ ግን ፈገግ ብሏል። ምን እንዳለቻት አልጠየቅኳትም፤ ቀጠሮ መያዟን ግን አሳየችኝ። አሁን ሦስት ወር ሆኗታል። እንደ እኔ ቶሎ አልተሻላትም፤ አንዳንድ ሳምንት ይሻላታል፣ አንዳንድ ሳምንት ተናዳ "ያንተ ተማሪ አታላይ ናት" ትለኛለች። ቀጠሮዋን ግን ቀርታ አታውቅም።

እኔን ፊዚዮቴራፒስቷ አሰናብታኛለች። መሰናበቱ ትንሽ ቅር አሰኘኝ፤ እዚያ ክፍል ገብቶ ስለ ድሮ ተማሪዎቼ ወሬ መስማት ለምዶብኝ ነበር። ሕመሙ ፈጽሞ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም። ሥራ ሲበዛብኝ ወይም እንቅልፍ ሲያንሰኝ ብቅ ይላል። ሲመጣ ሆዴን ለቀቅ አድርጌ እተነፍሳለሁ፣ የያዝኩትን ሥራ እቀጥላለሁ፤ ብዙ ጊዜ መቼ እንደሄደ አላውቅም።

ዘንድሮ የነርቭ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ያን ሥዕል ሁለት ጊዜ ነው የምሥለው፤ አንዴ ከጋለው ብረት ጋር፣ አንዴ ያለ ብረቱ። ልጆቹን እጃቸውን አስጨብጬ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። አንዷ ባለፈው ጊዜ "ቲቸር፣ ታዲያ ብረቱ መነሣቱን አንጎል በምን ያውቃል?" አለችኝ፤ ደወል ተደውሎ ክፍሉ ሁሉ እየጮኸባት። ቁጭ ብዬ መለስኩላት።

የጓደኛዬ ልጅ በመጪው ቅዳሜ አጋሮ ታገባለች። ለሠርጉ ሙሉ ልብሴን ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ሰፊው ወገቤን በሜትር ለክቶ፣ ደግሞ ለክቶ፣ "ቲቸር፣ ምን በልተው ነው?" አለኝ። የሰው ቤት ምሳ ቁጭ ብዬ መብላት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም አልኩት። አልገባውም፤ ሱሪውን ግን ሁለት ጣት አስፍቶልኛል።